የፔጆ ካምቢዮና የድሬ ጆሮ

ከድሬ ወደ ሐረር ለመውጣት የደንገጎን ዳገት መጋፈጥ ግድ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ሐዲድ ሐረርን ትቶ በቆላው ያለፈው ይህን ተራራ መውጣት ስለከበደው ነው፤ ድሬም በዚሁ ሰበብ ተቆረቆረች። ባቡሩ ያልደፈረውን ዳገት በኋላ መኪና ደፈረው። በሁለቱም ከተሞች ለብዙ ዘመን ታክሲ ሆኖ ያገለገለው ፔጆ 404 ነበር።

404 እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ። ቅርጹን የነደፈው የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና ነው። በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር አሸነፈ። የቤት መኪናው ፈረንሳይ ውስጥ መመረቱ በ1975 ቆመ። ድሬ ግን መቼ ለቀቀችው!

እስቲ ጋራዥ ግቡና ስሙ። «ጋራዥ» እንደ «ለገሀር» ሁሉ ፈረንሳይኛ ነው። ከበሩ ወዲያ ግን ጣሊያንኛ ይነግሣል፦ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ካቻቪቴ፣ ፎሌ። ከአምስት ዓመቱ ወረራ በኋላ ወራሪው ሄደ፤ ቃሉ ከመፍቻው ጋር ቀረ። የፈረንሳይ መኪና በጣሊያን ቃል፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሶማልኛ ይታከማል። ለእኔ የድሬ ታሪክ ከዚህ በላይ አጥሮ አይነገርም።

ሕክምናው የሚጀምረው በጆሮ ነው። መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፎሌ ላይ ሆኖ የሚያጉረመርም ድምፅ ካለና ፍሪሲዮን ሲረገጥ ዝም ካለ፣ የካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ድምፁ ሲረገጥ ከመጣ ደግሞ ተጠርጣሪው የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ ነው። ሁሉም ማርሽ እየተንጫረረ የሚገባ ከሆነ ፍሪሲዮኑ በደንብ አልለቀቀም ማለት ነው፤ አንዱ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ የነሐስ ቀለበት ሳያልቅ አይቀርም። ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫው ሲለቀቅ ማርሽ ካመለጠ ጥርሱ ወይም ሹካው ተበልቷል። ደንገጎ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

404 አንድ የራሱ አመል አለው፤ የማርሽ እጀታው የሚወጣው ከመሪው ሥር ነው። ከዚያ እስከ ካምቢዮው የሚያደርሱት ዘንጎችና መገጣጠሚያዎች ናቸው። መገጣጠሚያው ሲላላ ማርሹ አልገባም ይላል፤ ባለመኪናውም «ካምቢዮው ሞተ» ብሎ ያለቅሳል። ብልህ መካኒክ ግን ካምቢዮ ከማውረዱ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ፣ ረዳቱን መሪው ጋ አስቀምጦ «አቦ፣ ማርሹን ወዲያ ወዲህ አድርገው» ይለዋል። እጀታው እየተንቀሳቀሰ ዘንጉ ከዘገየ በሽታው ተገኘ። በትንሽ ሥራ የሚድን መኪና ሳይታረድ ተረፈ ማለት ነው።

ዛሬ ከከዚራ መጋላ የሚያመላልሰን ባጃጅ ነው። አሮጌው ሐዲድም በአዲስ መስመር ተተክቷል። ስለ ሸሚንደፈር መጻሕፍት አሉን፣ ፎቶ አለን። የፔጆው እውቀት ግን ያለው በእጅና በጆሮ ነው፤ ከጌታው ወደ ረዳቱ በቃል ይተላለፋል። ረዳቱ ሌላ ሥራ ከያዘ ሰንሰለቱ ተበጠሰ። የመኪናው አካል ቁራሌው ጋ ሄዶም ቢሆን በኪሎ ይመዘናል፤ ይህኛው ግን መዛኝ የለውም። ስለዚህ ድሬ ውስጥ ያረጀ መካኒክ የምታውቁ ካላችሁ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ጫታችሁን ይዛችሁ አጠገቡ ቁጭ በሉ። የሚለውን ጻፉ፤ የካምቢዮውንም ድምፅ ቅረጹ።