ስለ ተጫዋቾች መዛወርና ስለ አውሮፓ ዋንጫ ታሪክ

ክረምት በገባ ቁጥር፣ ይልቁንም በነሐሴ ወር፣ የሰፈራችን ልጆች ዝናብ ለመጠለል በየሱቁ በር ሲሰበሰቡ ከሚነጋገሩባቸው ነገሮች ሁሉ የሚበልጠው የአውሮፓ የእግር ኳስ ክለቦች የተጫዋች ግዢ ነው። «እገሌ መጣ»፣ «እገሌ ሊሄድ ነው»፣ «ለእገሌ ይህን ያህል ሚሊዮን ተከፈለ» ይባባላሉ። የአርሴናል ደጋፊ ከማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ ጋራ እስኪኳረፍ ድረስ ይከራከራል። ነሐሴ 26 ቀን ገደማ የዝውውሩ መስኮት ሲዘጋ ነገሩ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይልና፣ መስከረም ጠብቶ ትምህርት ቤት ስንገባ፣ በዕረፍት ሰዓት ከሜዳው ዳር እንደ ገና ይነሣል። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንደኛው ምክንያት ይኸው ክርክር ነው።

ሁለተኛውን ምክንያት ለመናገር ግን ጥቂት እናፍራለን። ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤታችን ቡድን አጥቂ የነበረው ጓደኛችን፣ ውድድር ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። የተቀበለው ትምህርት ቤት ክፍያውን ትቶለታል፤ መጻሕፍትና የኳስ ጫማም ሰጥቶታል። ልጁ አባቱ የሞቱበት፣ እናቱ እንጀራ እየጋገሩ በመሸጥ የሚያሳድጉት ነው። እኛ ይህን ሁሉ እያወቅን «ተሸጠ» አልነው፤ በመንገድ ስናገኘውም ፊታችንን አዞርንበት። እርሱ የሌለበት ቡድናችንም በመጀመሪያው ጨዋታ 4 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ። በክርክር ክበባችን ጉዳዩ ተነሥቶ በሁለት ወገን ሆነን ስንጯጯህ፣ የታሪክ መምህራችን «መጀመሪያ ታሪኩን አንብቡ፤ ከዚያ በኋላ ትፈርዳላችሁ» አሉን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው ያነበብነውን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ተጫዋች ሲነገር «ገዙት»፣ «ሸጡት» የሚለው አነጋገር እንዲያው በዘልማድ የመጣ አይደለም። በእንግሊዝ አገር ለኳስ ተጫዋች ደመወዝ መክፈል በሕግ የተፈቀደው በ1885 ነው። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1893፣ ሊጉ አንድ ደንብ አወጣ። ይኸውም አንድ ተጫዋች በአንድ ክለብ መዝገብ ከተጻፈ በኋላ፣ የውሉ ዘመን ቢያልቅ እንኳ፣ ያ ክለብ ካልፈቀደለት በቀር በሌላ ክለብ ሊጫወት አይችልም የሚል ነው። ሀብታሞቹ ክለቦች ጎበዞቹን ሁሉ ጠራርገው እንዳይወስዱ ታስቦ የተደረገ ነበር። ሐሳቡ በጎ ይመስላል። ነገር ግን ክለቡ ተጫዋቹን ለመልቀቅ ዋጋ መጠየቅ ስለሚችል፣ ሰውየው ዋጋ የሚቆረጥለት ንብረት ሆነ። በ1905 ሚድልስብሮ አልፍ ኮመን የተባለውን አጥቂ ከሰንደርላንድ ለማዛወር 1,000 ፓውንድ ከፈለ፤ በዚያ ጊዜ ይህን ያህል ገንዘብ ለአንድ ተጫዋች ተከፍሎ አያውቅም ነበርና ብዙ ሰው ተደነቀ፤ የተቈጣም ነበረ። በ1901 በወጣው ሌላ ደንብ ደግሞ የተጫዋች ከፍተኛው ደመወዝ በሳምንት 4 ፓውንድ ነበር። እንግዲህ አንባቢ ልብ ይበል፤ 1,000 ፓውንድ የወጣበት ሰው እርሱ ራሱ ከ4 ፓውንድ የበለጠ እንዲቀበል አይፈቀድለትም ነበር።

ይህ ሥርዐት ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። የደመወዙ ወሰን በ1961 ተሻረ፤ በዚያን ጊዜ 20 ፓውንድ ደርሶ ነበር። መዝገቡን የተከራከረው ግን ጆርጅ ኢስታም ነው። የአርሴናል ደጋፊዎች የሆናችሁ ይህን ስም ብታውቁት ይገባችኋል። ኢስታም በ1960 ከኒውካስል ጋራ የነበረው ውል ሲያልቅ አዲስ ውል አልፈርምም አለ፤ ክለቡም አልለቅህም አለው። ስለዚህ ኳሱን ትቶ ወደ ደቡብ እንግሊዝ ሄደና የቡሽ ንግድ ሠራተኛ ሆነ። በመጨረሻ ኒውካስል በ47,500 ፓውንድ ለአርሴናል ለቀቀው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በዚሁ ይበቃው ነበር። እርሱ ግን ክሱን አልተወም፤ በ1963 ዳኛው ዊልበርፎርስ ውሉ ያለቀን ሰው ይዞ ማስቀረት ሰውን ከሥራው ያለ አግባብ መከልከል ነው ብለው ፈረዱ።

አሁን ወደ አውሮፓ ዋንጫ እንለፍ፤ የሁለቱ ታሪክ አንድ ላይ የተጠላለፈ ነውና።

በ1954 በዲሴምበር ወር የእንግሊዙ ዎልቨርሃምፕተን የሃንጋሪን ሆንቬድ በሜዳው 3 ለ 2 አሸነፈ። የእንግሊዝ ጋዜጦችም ዎልቭስ የዓለም ሻምፒዮን ነው ብለው ጻፉ። በፓሪስ የሚታተመው የሌኪፕ ጋዜጣ ጸሐፊ ገብርኤል አኖ ይህን ሲያነብ አልተዋጠለትም። ሻምፒዮን ለመባል ወደ ቡዳፔስትና ወደ ሞስኮ ሄዶ መጫወት ያስፈልጋል፤ ሚላንና ሪያል ማድሪድም አሉ ሲል መልስ ሰጠ። ከዚሁም ተነሥቶ ጋዜጣው የአውሮፓ ክለቦች ውድድር እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ባቀረቡት ሰዎች ትጋት ሳይውል ሳያድር ተፈጸመ፤ በ1955 በሴፕቴምበር 4 ቀን የመጀመሪያው ጨዋታ በሊዝበን ተደረገ። የገቡት ክለቦች 16 ነበሩ። የእንግሊዙ ሻምፒዮን ቼልሲ ግን የአገሩ ሊግ ስላልወደደው ቀረ።

የመጀመሪያው የፍጻሜ ጨዋታ በ1956 በፓሪስ፣ በሪያል ማድሪድና በፈረንሳዩ ሬምስ መካከል ሆነ። ሬምስ 2 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ 4 ለ 3 ተሸነፈ። በሬምስ ቡድን ውስጥ ዋነኛው ተጫዋች ሬይሞን ኮፓ ነበር። ቤተ ሰቡ ከፖላንድ የፈለሰ ነው፤ እርሱም በ14 ዓመቱ ወደ ከሰል ድንጋይ ጕድጓድ ገብቶ ሲሠራ በአደጋ ከግራ እጁ ጣት ላይ ጕዳት የደረሰበት ልጅ ነው። ከዚያ ጕድጓድ ያወጣው ኳስ ነው። እንግዲህ የሚያስገርመው ነገር ይህ ነው፤ ኮፓ በዚያ ፍጻሜ ለሬምስ ሲጫወት፣ ከጨዋታው በኋላ ወደ ሪያል ማድሪድ እንደሚዛወር አስቀድሞ ተስማምቶ ነበር። ዋንጫውን ለመውሰድ የሚታገለው የሚቀጥለው ዓመት ጓደኞቹ ከሚሆኑት ጋራ ነው። እኛ በቦታው ብንኖር ኖሮ ምን እንደምንለው እናውቃለን።

በማድሪድ አልፍሬዶ ዲ ስቴፋኖን አገኘው። ዲ ስቴፋኖም ራሱ በ1953 በባርሴሎናና በማድሪድ መካከል ብርቱ ክርክር ተደርጎበት የመጣ አርጀንቲናዊ ነው። አንዱ ክለብ ከቦነስ አይረሱ ሪቨር ፕሌት ጋራ፣ ሌላው ከቦጎታው ሚሎናርዮስ ጋራ ተዋውሎ ስለ ተገኘ፣ የስፔን ፌዴሬሽን ተጫዋቹ ለሁለቱም በየዓመቱ እየተፈራረቀ ይጫወት ብሎ ፈረደ። ባርሴሎና ይህን ሲሰማ ተወው። ሰውን እንደ መስኖ ውሃ በተራ መካፈል የሚል ፍርድ በኳስ ታሪክ ውስጥ ሌላ አላገኘንም። በ1958 ደግሞ የሃንጋሪው ፑሽካሽ ከአገሩ ዐመፅ በኋላ በስደት ቆይቶ በ31 ዓመቱ ተጨመረ። ማድሪድም ከ1956 እስከ 1960 የመጀመሪያዎቹን አምስት ዋንጫዎች ተከታትሎ ወሰደ። የአምስተኛው ፍጻሜ በግላስጎ ሲደረግ ፑሽካሽ አራት፣ ዲ ስቴፋኖ ሦስት አግብተው ፍራንክፈርትን 7 ለ 3 አሸነፉ።

ኮፓ ከማድሪድ ጋራ ሦስት ጊዜ ዋንጫውን በልቷል። በ1959 በሽቱትጋርት የተሸነፈው ቡድን ያው የድሮ ክለቡ ሬምስ ነበር፤ ውጤቱም 2 ለ 0 ነው። ከዚያም በዚሁ ዓመት ወደ ሬምስ ተመለሰ። ሬምስም ተቀበለው፤ በ1960ና በ1962 የፈረንሳይን ሻምፒዮና አብሯቸው አሸነፈ። ይህን ክፍል ስናነብ ከመካከላችን ብዙ ዝም ያልን ነበርን።

በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አገር ተጫዋች እስከ 35 ዓመቱ ድረስ ከክለቡ ጋራ የታሰረ ነበር። ኮፓ በ1963 ለአንድ ጋዜጣ በሰጠው ቃል ተጫዋቾች ባሪያዎች ናቸው አለ፤ ሐሳቡም ሳይጠየቅ የሚሸጥ ሰው እርሱ ብቻ ነው የሚል ነበር። ስለዚህ ንግግሩ ቅጣት ተፈረደበት። ይህን የሚናገር ሰው ድሃ ወይም የተጣለ አልነበረም፤ በ1958 የአውሮፓ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የወርቅ ኳስ የተሸለመ ነው። በጊዜ የተወሰነ ውል በፈረንሳይ የተፈቀደው በ1969 ነው።

ከዚህ በኋላ ታሪኩ ወደ ቤልጅግ ይሻገራል። ዣን ማርክ ቦስማን ለሊዬዥ ክለብ ይጫወት ነበር። ውሉ በ1990 ሲያልቅ ክለቡ በወር 120,000 የነበረውን ደመወዙን ወደ 30,000 የቤልጅግ ፍራንክ ዝቅ አድርጎ አዲስ ውል አቀረበለት፤ እምቢ ቢልም ለመልቀቂያው 11,743,000 ፍራንክ ተጠየቀበት። ለመቀበል ፈቃደኛ የሆነው የፈረንሳዩ ዳንከርክ ነበር፤ ዳሩ ግን ሊዬዥ ዳንከርክ ገንዘቡን መክፈሉን ስለ ተጠራጠረ ወረቀቱን ሳያስተላልፍ ቀረ። ቦስማን ከሰሰ። ክሱ አምስት ዓመት ወሰደ። በሉክሰምበርግ ያለው የአውሮፓ ፍርድ ቤት በ1995 በዲሴምበር 15 ቀን በሰጠው ፍርድ፣ ውሉ ያለቀ የኅብረቱ አገሮች ዜጋ ያለ ክፍያ ወደ ሌላ የኅብረቱ አገር ክለብ መዛወር እንደሚችል ወሰነ። እስከዚያ ድረስ አንድ ክለብ በአውሮፓ ዋንጫ ጨዋታ ከሦስት የውጭ አገር ሰዎችና በአገሩ ረዥም ዘመን ከተጫወቱ ሁለት ሌሎች በላይ ማሰለፍ አይችልም ነበር፤ ይህም በኅብረቱ ዜጎች ላይ እንዳይሠራ ታገደ። ቦስማን ራሱ በዚያን ጊዜ 31 ዓመት ሆኖት ነበርና የጨዋታው ዘመን አልፎበታል። ከዚያም በኋላ በመጠጥና በገንዘብ ችግር ብዙ ዓመት ተንገላታ። ዛሬ ሚሊዮን የሚቀበሉት ሁሉ የሚቀበሉት በእርሱ ክስ በተከፈተው በር ገብተው ነው።

በክርክራችን ተቃዋሚ የነበረው ወገን ግን የሚናገረው አላጣም፤ እርሱም አያክስን ጠቀሰ። የአምስተርዳሙ አያክስ በ1995 በቪየና ሚላንን 1 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ግቧን ያገባው ፓትሪክ ክላይቨርት በዚያች ቀን ዕድሜው እንደ እኛ 18 ነበር። አብዛኞቹ ልጆች በክለቡ ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። ፍርዱ በተሰጠ በማግሥቱ ዓመት፣ በ1996፣ ዴቪድስና ራይዚገር ያለ አንድ ሳንቲም ክፍያ ወደዚያው ወደ ተሸነፈው ሚላን ሄዱ፤ ክላይቨርትም በ1997 ተከተላቸው። አያክስ ያሳደጋቸውን ልጆች በባዶ እጁ ሸኘ። ቀድሞ ከግላስጎ አካባቢ በተወለዱ ልጆች ብቻ የተመሠረተው ሴልቲክ በ1967፣ የቡካሬስቱ ስቴዋ በ1986፣ የቤልግሬዱ ቀይ ኮከብ በ1991 ዋንጫውን ወስደዋል። ከ1996 እስከ 2025 ባሉት 30 ውድድሮች ግን ከስፔን፣ ከእንግሊዝ፣ ከኢጣሊያና ከጀርመን ውጭ ያሸነፉት ፖርቶ በ2004ና ፓሪስ ሳን ዠርማን በ2025 ብቻ ናቸው። ይህን ቍጥር ስንሰማ እኛ የቦስማን ወገን የነበርነው ለጥቂት ጊዜ መልስ አጣን። ትንሹ ክለብ ተበድሏል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን በደሉን የሚካስበት መንገድ ቦስማንን በ30,000 ፍራንክ ማሰር ነው ብሎ ደፍሮ የተናገረ ከመካከላችን አልተገኘም።

የዝውውር መስኮት የሚባለውም የመጣው ከዚሁ ፍርድ በኋላ ነው። በ2001 ፊፋ ከአውሮፓ ኮሚሽን ጋራ ተስማምቶ፣ ተጫዋች በዓመት በሁለት ጊዜ ብቻ፣ በበጋቸውና በጃንዋሪ አካባቢ፣ እንዲመዘገብ የሚል ደንብ ወጣ፤ ከ2002 ጀምሮም ተሠራበት። በውል ላይ ያለ ተጫዋች አሁንም ዋጋ አለው፤ በ2017 ፓሪስ ሳን ዠርማን ኔይማርን ከባርሴሎና ለማምጣት 222 ሚሊዮን ዩሮ ከፈለ። ሙግቱም አላለቀም። ላሳና ዲያራ ከሞስኮው ሎኮሞቲቭ ጋራ በ2014 ከተጣላ በኋላ 10.5 ሚሊዮን ዩሮ እንዲከፍል ተፈርዶበት፣ የሚቀበለው ክለብም ዕዳው ይተርፈኛል ብሎ ፈርቶ ነበር። የሉክሰምበርጉ ፍርድ ቤት በ2024 በኦክቶበር ወር አንዳንዶቹ የፊፋ ደንቦች ከኅብረቱ ሕግ ጋራ የሚቃረኑ ናቸው ብሎ ወሰነ።

በክርክር ክበባችን ድምፅ በተሰጠ ጊዜ 17 ለ 14 ሆነ። የተሸነፉት 14 ልጆች አሁንም ኮፓ ከፍጻሜው በፊት መስማማት አይገባውም ነበር ይላሉ፤ ከአሸናፊዎቹም አንዳንዶቹ በዚህ ነገር ከእነርሱ ጋራ ይስማማሉ።

ለትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በሚደረገው ግጥሚያ የጓደኛችን አዲሱ ትምህርት ቤት ተጋብዟል። እኛም ባለፈው ቅዳሜ ከመካከላችን ሦስት ልጆች መርጠን ወደ ቤቱ ላክን። እናቱ ምጣዱን ትተው ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ ቡናም አፈሉላቸው። እርሱን ግን ልምምድ ላይ ስለ ነበረ አላገኙትም።