ኅትመተ ዕፅ
(የቃል ማብራሪያ)

ፈረንጆች ውድከት የሚሉትን የሥዕል ጥበብ በአማርኛ «የእንጨት ቅርጽ ኅትመት»፣ በሊቃውንቱም ልማድ አሳጥረን «ኅትመተ ዕፅ» ብንለው ቃሉ ከግብሩ ጋር ይስማማል፤ ዕፅ በግእዝ እንጨት ነውና፣ ኅትመትም ከማኅተም ጋር አንድ ሥር ያለው ስለ ሆነ፣ ተቀርጾ ቀለም የተቀባ ገጽ በወረቀት ላይ ሲያርፍ የሚተወውን ምልክት በሚገባ ይገልጻል።

ሥራው እንዲህ ነው። ሠዓሊው በመላጊያ በተስተካከለ ሳንቃ ላይ ሥዕሉን ይነድፋል፤ ነጭ ሆኖ እንዲቀር የሚሻውንም ሁሉ በመሮና በስለታም ቢላዋ እየፈለፈለ ያነሣል፤ ከፍ ብሎ የቀረው ገጽ ብቻ ቀለም ይቀባና፣ ወረቀት ተነጥፎበት በመጫኛ መኪና ይጫናል፣ መኪና ከሌለም በማንኪያ ጀርባ ይታሻል። በመዳብ ላይ በሚቀረጸው ኅትመት ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለሙን የሚይዘው የተቦረቦረው መስመር ነው። ከተቀረጸ ገጽ በቀጥታ የሚወሰድ ኅትመት ቀኙን ግራ ስለሚያደርግ፣ «ቡ» የሚለውን ካዕብ አስተካክሎ ለማተም የፈለገ ሰው ቅጥያውን በሳንቃው ላይ በግራ በኩል መቅረጽ አለበት፤ ይህን የዘነጋ ጀማሪ የብዙ ቀን ድካሙ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ ይገለበጥበታል።

ይህ ጥበብ ወደ እኛ የደረሰው መቼ ነው ለሚል ጠያቂ፣ ሥዕሉ ከሥራው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ ደረሰ ብለን እንመልሳለን። በ1591 እ.ኤ.አ. በሮማ በሜዲቺ ማተሚያ ቤት የታተመው የዐረብኛ ወንጌል 149 ሥዕሎች ነበሩት፤ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውን ሌዮናርዶ ፓራሶሌ በእንጨት ቀርጿቸዋል። መጽሐፉ በ17ኛው መቶ ዘመን በጎንደር ሠዓልያን እጅ ገብቶ እንደ ነበር፣ ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ ለንደን በብሪታኒያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ አንድ የግእዝ ወንጌል በሥዕሎቹ ይመሰክራል። ጎንደር ሳትቆረቆር ነገሥታት የሚከርሙባት፣ የዐፄ ሠርፀ ድንግል ነው የሚባለው የጉዛራ ግንብም ከኮረብታው ላይ ሆኖ ጣናን ቁልቁል የሚመለከትባት እንፍራንዝ፣ ከጎርጎራ ጋር የቤተ መንግሥትና የባሕር ማዶ ሰዎች መገናኛ ነበረች፤ ዐፄ ኢያሱን ለማከም የመጣው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴም በ17ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ገደማ አይቷት ስለ እርሷ ጽፏል። እንዲህ ባለ አገር የውጭ መጽሐፍ ከካህናትና ከሠዓልያን እጅ መግባቱ የሚያስደንቅ አይደለም።

የሚያስደንቀውስ ሠዓልያኑ ያደረጉት ነው። ቴምፔስታ ጥላን ለማሳየት የደረደራቸውን ጥቃቅን ጭረቶች ትተው፣ የሰዎቹን አቋምና አቀማመጥ ብቻ ወስደው፣ ልብሱን በቀይና በብጫ ሞልተው፣ ዐይኑን አጉልተው፣ ታሪኩንም በግእዝ ጽፈውበት፣ የሮማውን ጥቁርና ነጭ ሥዕል የሀገራቸው ሥዕል አደረጉት። ይሁን እንጂ እነርሱ ራሳቸው በሳንቃ አላተሙም፤ ስለዚህ ኅትመተ ዕፅ ከጥንት ጀምሮ የነበረን ጥበብ ነው የሚሉ ሰዎች፣ ለሀገር ፍቅር ሲሉ ቢሆንም፣ ተሳስተዋል። ከጥንት የነበረን ቅርጹ ነው፤ መንበረ ታቦት የሚፈለፍል፣ የዕፅ መስቀል የሚቀርጽ፣ የመጽሐፍ ገበታ የሚጠርብ፣ ገበታውን ባለበሰው ቆዳም ላይ በጋለ ብረት ሐረግ የሚያትም እጅ ነበረን። የጎደለን የኅትመቱ ቀለምና ወረቀቱ ነበር፤ ደግሞም አንድ መጽሐፍ በአንድ ጸሓፊ እጅ፣ በአንድ ብራና ላይ ሲጻፍ በኖረበት አገር፣ አንዱን ሥዕል መቶ አድርጎ ማባዛት የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

ሥራው የመጣው በዘመናችን ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ባቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ በሐምቡርግ ተወልዶ በብራዚል ኖሮ የባሂያን ስም ከስሙ ጋር ያጣመረው ጀርመናዊ ቀራጭ ሐንሰን ባሂያ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የኅትመት ጥበብን አስተማረ። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ዘሪሁን የትምጌታ ነው፤ የጠልሰምንና የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን መንፈስ ወደ እንጨት ቅርጽ ያገባ፣ ኋላም በትምህርት ቤቱ መምህር የሆነ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. በዳካር የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ የተሸለመ ሠዓሊ ነው። በእኔ አስተያየት መምህሩ መሣሪያውን ሰጠ እንጂ መስመሩን አልሰጠም፤ ጥቁሩ መስመር በብራናና በክታብ ላይ ቀድሞ የነበረ ነውና።

እንግዲህ በጎንደርና በእንፍራንዝ የሥዕል መምህር የሆነ ሁሉ ኅትመተ ዕፅን ለተማሪዎቹ ያስተምር፤ ለመጀመር የተላገ ሳንቃ፣ አንድ መሮ፣ ጥቁር ቀለም፣ ወረቀትና ማንኪያ ይበቃሉ፤ እንጨት ማንበብ የሚያውቅ የመንበር ቀራጭም በአቅራቢያው አይጠፋም።