ርቀት የማያሳሳው ሐዘን፦ የፍንዳታ ልኬት በዬሁዳ አሚካይ ግጥም

የሙቀት ጨረር ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በአንድ ስፍራ ላይ የሚያርፈው ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። የፍንዳታ ግፊትም፣ ስሌቱ ቢለይም፣ ከማዕከሉ በተራቀ መጠን እየከሰመ ይሄዳል። የጦር ባለሙያ ስለ ገዳይ ክልል መናገር የሚችለው በዚህ የተነሳ ነው፤ ከክልሉ ውጪ ያለ ሰው በስሌቱ መሠረት የመሞት ዕድሉ አነስተኛ ነው። እስራኤላዊው ባለቅኔ ዬሁዳ አሚካይ (እ.ኤ.አ. 1924–2000) «የቦምቡ ዲያሜትር» በተሰኘው አጭር ግጥሙ ይህንኑ የስሌት ቋንቋ ተውሶ ሕጉን ይሽረዋል። የግጥሙ ጉልበት ከዚህ ሽረት የሚመነጭ ይመስለኛል።

ግጥሙ እንደ ፖሊስ መዝገብ ከልኬት ይነሳል፦ የቦምቡ ስፋት 30 ሴንቲ ሜትር፣ ጉዳት የሚያደርስበት ክልል 7 ሜትር ያህል፣ ከዚያ የሟችና የቁስለኛ ቁጥር። ቀጥሎ የጉዳቱ ክብ ሆስፒታሎችንና መቃብርን ይጨምራል፤ አንዲት ወጣት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በመጣችበት ከተማ ስትቀበር እዚያ ይደርሳል፤ ባሕር ማዶ ብቻውን የሚያዝንላት ሰው ሲታከልበት ዓለምን በሙሉ ይከባል። ልብ እንበል፤ ክቡ እየሰፋ ሲሄድ ዓይናችን ከብዙ ቁስለኞች ወደ አንዲት ሟች፣ ከእሷም ወደ አንድ ሐዘንተኛ ይጠብባል። ጨረር በሰፊ ገጽ ላይ ሲዘረጋ ይሳሳል፤ ያ ሰው ጋ የደረሰው ሐዘን ግን ምንም አልተቀነሰለትም።

በሙሾ ያደገ አንባቢ የሟቿ ስም፣ የወገኗ ሙገሳ የት አለ ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም፤ ልኬት ሞትን ያቀዘቅዛል የሚል ክርክርም አለ። ሆኖም ስም አልባነቱ የመሣሪያው የራሱ ነው፤ ቦምብ የሚገድለውን አያውቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በእንግሊዝ ጦር ውስጥ ያገለገለው፣ በእ.ኤ.አ. 1948ቱ የዓረብና የእስራኤል ጦርነትም የተዋጋው አሚካይ ይህን የልኬት ቋንቋ ከወታደርነቱ ያውቀዋል፤ መሣሪያውን በገዛ ቋንቋው ይከሰዋል።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የሩቅ ጦርነት ዜና የሰሚውን ልብ እምብዛም አይነካም፤ እንግዲያው ርቀት ሐዘንንም ያደክማል ማለት ነው። ይህ ለባዕድ ሰሚ እውነት ነው። ባሕር ማዶ ያለው ሰው ግን ባዕድ አይደለም፤ ከሟቿ ጋር ያስተሳሰረው በኪሎ ሜትር አይለካም። በግጥሙ ማብቂያ የወላጅ አልባ ልጆች ጩኸት ከአምላክ ዙፋን አልፎ ሲሄድ ልኬቱ ራሱ ይቋረጣል። ስለዚህ ግጥሙን ሳይንስን እንደሚነቅፍ አድርገው የሚያነቡት ይሳሳታሉ፤ አሚካይ 7 ሜትሩን አላስተባበለም፤ ከ7 ሜትር ወዲያ ያለውንም መዝግቧል።