እንስራው ስንት ሊትር ነው?

ባለፈው ሰሞን ማታ በመኝታ ክፍላችን አንድ ጥያቄ ተነሥቶ እንቅልፍ አጣን። «አንድ እንስራ ስንት ሊትር ይይዛል?» የጎጃሙ ልጅ አንድ ቁጥር ጠራ፤ የወሎው ሌላ፤ የሸዋው ደግሞ «መጀመሪያ የእንስራንና የገንቦን ልዩነት ንገሩኝ» ብሎ ነገሩን ከድጡ ወደ ማጡ ከተተው። በማግስቱ ከአንድ ጠጅ ቤት ሁለት ብርሌ ተውሰን ውሃ ብንገለብጥ፣ አንዱን እስከ አፉ የሞላው ውሃ ከሌላው አንገት እንኳ ሳይደርስ ቀረ። ጠጁ ግን በሁለቱም የሚሸጠው በአንድ ዋጋ ነው!

በብርሌ ሲሆን ያስቃል። በጉንዶ ሲሆን ግን አያስቅም። ገባሩ ማር የሚገብረው በጉንዶ ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ባሳተመው የኢትዮጵያ መለኪያዎች ታሪክ እንደምናየው፣ አንድ ስም ያለው መስፈሪያ ከአገር አገር፣ ከዘመን ዘመን መጠኑ ይለያያል። እንግዲህ ገባሩ «ሁለት ጉንዶ አምጣ» ሲባል የማን ጉንዶ ብሎ ይጠይቅ? ተቀባዩም ሰፋሪውም ያው አንድ ሰው ከሆነ አቤት የሚባለው ለማን ነው? ስለዚህ ጉንዶን ወደ ሊትር ለመመንዘር አንድ ቁጥር የሚፈልግ ሰው፣ እኛ እንደሚመስለን፣ ጥያቄውን ከጅራቱ ነው የያዘው።

ይህ ደግሞ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። ፈረንሳይም ባላባቱ የየራሱ መስፈሪያ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1789 ከየመንደሩ ለንጉሡ በተጻፉት አቤቱታዎች ውስጥ «መለኪያው አንድ ይሁንልን» የሚለው ልመና ደጋግሞ ይገኛል። ሊትር የተወለደው ከዚህ ነው። በሚያዝያ 7 ቀን 1795 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ እያንዳንዱ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን የሚይዘውን ሊትር አለው። ስሙ እንኳ አዲስ አይደለም፤ ሊትሮን ከሚባለው የድሮ የእህል መስፈሪያ የተወሰደ ነው። ታዲያ ለምኖ ያገኘውን ሕዝቡ ወዲያው ተቀበለው? ኧረ የት! ገበያው በአሮጌው ስፍር ቀጠለ። ናፖሊዮንም በ1812 የድሮዎቹን ስሞች መልሶ ፈቀደ። ሜትሪክ ብቻውን የጸናው በ1837ቱ ሕግ መሠረት ከ1840 ጀምሮ ነው፤ ድፍን 45 ዓመት መሆኑ ነው። ሊቃውንቱም ራሳቸው አልተሳሳቱም አይባልም። በ1901 ሊትርን በአንድ ኪሎ ውሃ ቢተረጉሙት ከሣጥኑ ከሚሊዮን 28 እጅ በልጦ ተገኘ፤ በ1964 ወደ ሣጥኑ ተመለሱ። የእኛ ብርሌ ይህን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሜትሪክ በአዋጅ የጸናው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። አዋጁ ግን ጓዳ ድረስ አይገባም። ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው ዱቄት አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። ውሃው ካነሰ ጨው በዝቶ ልጁን ይጎዳል፤ ከበዛ ፋይዳው ይቀንሳል። እናቲቱ ቤት ያለው ጣሳና ቅል ነው። እዚህ ላይ የሚያድነው የ33 ሳንቲ ሊትር የቢራ ጠርሙስ ነው። ሦስቱ 99 ሳንቲ ሊትር ይሆናል፤ ይበቃል። ሊትር እንደዚህ በጓሮ በር ሲገባ ነው የምንወደው።

እንስራውንም ያሸነፈው አዋጁ ሳይሆን ጀሪካኑ ነው። ጀርመኖች ለጦር ሠራዊታቸው ነዳጅ የሠሩት ባለ 20 ሊትር ዕቃ ስሙን ያወጡለት እንግሊዞች ናቸው። አሁን ከፕላስቲክ ተሠርቶ ቢጫ ሆኖ በየምንጩ ተሰልፏል። አይሰበርም፣ ያ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ሸክላ ሠሪዋ ለትንሽ ልጅ ትንሽ እንስራ ትሠራ ነበር። ባለ 5 እና ባለ 10 ሊትር ጀሪካን የለም ማለታችን አይደለም፤ ቤት ውስጥ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ ሃያው ነው፤ ውሃው ብቻ 20 ኪሎ ማለት ነው።

በዕረፍት ጊዜ አንዲት ልጅ ጀሪካኗን ከወገቡ በላይ ሳትሞላ ስታዝል አይተን፣ ስንት ሊትር እንደያዘች ጠየቅናት። «እኔ እንጃ፣ የምችለውን ያህል ነው» አለችንና መንገዷን ቀጠለች።