ስታንድባይና የቫልቭ ዕድሜ

የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ ለአዳራሽ የሚበቃው በማጉያ ነው። ትራንዚስተር ተስፋፍቶ ቦታውን እስኪወስድ ድረስም የማጉያው ዋና ክፍል ቫልቭ፣ ይኸውም አየሩ የወጣለት የብርጭቆ ቱቦ ነበር። በብዙዎቹ የዚያ ዘመን ማጉያዎች ላይ ከዋናው ማብሪያ ጎን ስታንድባይ የተባለ ሁለተኛ ማብሪያ ይገኛል። ይህም ቫልቭን ከጉዳት ለመጠበቅ የተሠራ ነው ሲባል ኖሯል። እምነቱ ምን ያህል እውነት ነው?

ቫልቭ ሁለት ዓይነት ኃይል ይፈልጋል። አንደኛው ካቶዱን የሚያግለው 6.3 ቮልት ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጋለው ካቶድ የሚወጡትን ኤሌክትሮኖች ወደ አኖድ የሚስበው፣ በትልልቅ ማጉያዎች 400 ቮልትና ከዚያም በላይ የሚደርሰው ከፍተኛ ቮልት ነው። ስታንድባይ የመጀመሪያውን ሳይነካ ሁለተኛውን ብቻ ያቋርጣል።

ካቶዱን አስቀድሞ ማሞቅ በታላላቅ የራዲዮ ማሠራጫዎች ዘንድ የታወቀ ሕግ ነው። በ1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን የጀመረውና በ1969 ዓ.ም. በመንግሥት የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ እያንዳንዳቸው 100 ኪሎ ዋት ኃይል ያላቸው ሁለት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ነበሩት። በዚህን ያህል ኃይል በሚሠራ ማሠራጫ አኖዱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ቮልት ስለሚሸከም ማሞቂያው መቅደም፣ ከፍተኛው ቮልት መዘግየት ይኖርበታል። የአዲስ አበባ ድምፅ ጎጃም ዘልቆ በዱርቤቴ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በባትሪ ራዲዮ ይደመጥ በነበረበት ዘመን፣ ከድምፁ በስተኋላ ይህን የመሰለ የባለሙያ ጥንቃቄ ነበረ።

የጊታር ማጉያ ግን ማሠራጫ አይደለም፤ በጥቂት መቶ ቮልት የሚሠራ ቫልቭ በዚህ ምክንያት አይጎዳም። የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባስማን በተባለው ማጉያ ላይ ስታንድባይ ሲያስገባ፣ ቻምፕ የተባለውን ትንሹን ማጉያ ያለ ስታንድባይ ሠርቷል። የእንግሊዙ ማርሻልም እ.ኤ.አ. በ1962 የመጀመሪያ ማጉያውን ከባስማን ሲቀዳ ስታንድባዩን አብሮ ወሰደ። የሚያስገርመው፣ በማርሻልና አርአያ በሆነው ባስማን ውስጥ የነበረው ጂ.ዜድ. 34 የተባለ ሬክቲፋየር ቫልቭ ራሱ ቀስ ብሎ ስለሚግል፣ ከፍተኛው ቮልት ያለ ስታንድባይም ቢሆን በዝግታ ይነሣ ነበር።

ይባስ ብሎ፣ ካቶድ ጅረት ሳይወጣው ለረጅም ሰዓት ሲግል ከላዩ ቅብ ሥር ጅረትን የሚያግድ ስስ ሽፋን ይፈጠርና ቫልቩ እየደከመ ይሄዳል። ስለዚህ ማጉያን ምሽቱን ሙሉ በስታንድባይ ማቆየት የሚጠብቁትን መሣሪያ መጉዳት ነው። ለአጭር ዕረፍት ድምፁን ዝቅ ማድረግ፣ ለረጅሙ ፈጽሞ ማጥፋት ይሻላል።

የቫልቭ እውነተኛ ጠባቂዎች ሌሎች ናቸው፤ ትክክለኛ ፊውዝ፣ ሁልጊዜ የተገናኘ ተስማሚ ድምፅ ማውጫ፣ እንዲሁም በአገራችን 220 ቮልት ላይ ለ117 ቮልት የተሠራውን የአሜሪካ ማጉያ የሚያስማማ ትራንስፎርመር። ከአንድ ሙያ ወደ ሌላ የተሻገረ ልማድ ከነምክንያቱ ካልተመረመረ፣ ጥንቃቄ መስሎ ጉዳት ያመጣል።