ጥንታዊ ዕቃን ስለ መውደድ

ጥንታዊ ዕቃን የሚወድ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ያገኘውን ሁሉ ሰብስቦ በሣጥን ይቈልፋል፤ ሌላው ግን ዕቃው የማን እንደ ሆነ አስቀድሞ ይጠይቃል። በመምህርነት ዘመኔ ለሁለተኛው ምሳሌ አድርጌ የምጠቅሳቸው ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስትን ነበር።

እኒህ እንግሊዛዊ በ1948 ዓ.ም. ከእናታቸው ከሲልቪያ ፓንክረስት ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጡ። የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የመጀመሪያ ዲሬክተር ሆኑ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሪታም የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት በኃላፊነት መርተዋል፤ የትዳር ጓደኛሞች ብቻ ሳይሆኑ የሥራም ባልንጀሮች ነበሩ።

በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የብራና መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ዘርፎ ሄደ። ፕሮፌሰሩ የገዛ ወገናቸው የወሰደው ይመለስ ብለው ሳይታክቱ ተሟገቱ። የወገንን ጥፋት መግለጥ የባዕድን ከመንቀፍ ይልቅ ይከብዳልና፥ የእውነተኛነታቸው መለኪያ ይህ ነው። ኢጣሊያኖች ከአክሱም ወስደው በ1930 ዓ.ም. በሮማ ስላቆሙት፥ ቁመቱ 24 ሜትር ገደማ ስለሚሆነው ሐውልትም እንዲሁ ተከራከሩ። ሐውልቱ በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በ2000 ዓ.ም. በጥንት ስፍራው ቆመ፤ እርሳቸውም ይህን ለማየት በቁ።

በየካቲት 2009 ዓ.ም. ዐርፈው በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ከመቅደላ የተወሰደው ብዙው ቅርስ ግን ዛሬም በእንግሊዝ አገር ነው። ስለ መመለሱም ልጃቸው ዶክተር አሉላ ይከራከራሉ።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ አባት ለልጁ የሚያወርሰው የከበረ ዕቃን ብቻ አይደለም። የሰውን ገንዘብ ለባለቤቱ መልሱ የሚል ቃልም ርስት ነው፤ ይህንንም ርስት ማንም ዘርፎ አይወስደውም።