አንድ ሽቦ፣ አንድ በር፣ አንድ ዘበኛ፦ የመልእክት መንገዳችን ታሪክና የዛሬው ምርጫችን

ከዋይንላንድ ፓርክ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ



አበው «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ፣ ቃል አንዴ ከወጣ በኋላ እንደማይመለስ መናገራቸው ነበር። በእኛ ዘመን ከአፍ የወጣ ቃል የሚያርፈው በሰሚው ጆሮ ብቻ አይደለም፤ በስልክ ቀፎ፣ በኩባንያ ሰርቨርና በደኅንነት መዝገብ ላይም ያርፋል። በስደት ያለን ወገኖች ኮሚቴ ባቋቋምን፣ ለተፈናቃይ ገንዘብ ባሰባሰብን፣ ከአገር ቤት መረጃ በተቀበልን ቁጥር «በየትኛው አፕ እንነጋገር?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ «ሰው ሁሉ ባለበት» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ መልሱን ከታሪካችን ይፈልጋል። ታሪካችን ደግሞ ከአፑ ስም በፊት የሚያስቀድመው ሌላ ጥያቄ አለው፦ የመልእክቱ ማዕከል በማን እጅ ነው?

የአንዱ በር ታሪክ

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። የቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎታችን መነሻ ተደርጎ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. 1894 ሲሆን፣ ቀዳሚው ረዥም መስመር አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘ ነበር። ሽቦው የተዘረጋው ቤተ መንግሥቱ ከአገረ ገዢዎቹ ጋር እንዲነጋገር ነው እንጂ ባላገር ከባላገር እንዲጨዋወት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ዘውዱ ወደቀ፣ ደርግ መጣ፤ ደርግ ወደቀ፣ ኢሕአዴግ መጣ፤ የቴሌ በር ግን አንድ እንደሆነ ቆየ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አንድ በርና አንድ ዘበኛ ብቻ ነበረን ማለት ነው። ሁለተኛው በር ከተከፈተ በኋላም ፈቃድ ሰጪው ያው መንግሥት ነው።

ዘበኛው በሩን ሲዘጋ ምን እንደሚሆን ትውልዱ አይቶታል። ከግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ በፊት ቅንጅት ደጋፊዎቹን ይጠራ የነበረው በአጭር የጽሑፍ መልእክት ጭምር ነበር። በምርጫው ማግሥት አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ተቋረጠ፤ የተመለሰውም በመስከረም 2000 ዓ.ም. ነው። አንድ ሕዝብ ከሁለት ዓመት በላይ «ደኅና ደርሻለሁ» ብሎ በስልኩ መጻፍ ተከልክሎ ኖረ። የሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ኢንተርኔት ከሦስት ሳምንት በላይ ጠፋ። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም ለሁለት ዓመት ገደማ ተቆርጦ፣ ቤተሰብ የገዛ ዘመዱን መርዶ ዘግይቶ ሰማ። በአማራ ክልል ደግሞ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘጋ። ገዢዎቹ ተለዋወጡ፤ ቁልፉን የመጠምዘዝ ልማድ ግን አልተለወጠም።

የጆሮው ታሪክ

በር የሚዘጋ ዘበኛ ጆሮም አለው። ሂዩማን ራይትስ ዎች በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ፣ እስረኞች በምርመራ ወቅት የገዛ ስልካቸው ንግግር ተቀድቶ እንደቀረበባቸው፣ ከውጭ አገር ቁጥር ጋር መነጋገር ራሱ ለጥርጣሬ ምክንያት ይሆን እንደነበር ተዘግቧል። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ሲታሰሩ፣ በክሱ ከተጠቀሱት ነገሮች አንዱ መልእክትን የመመስጠርና ኮምፒውተርን የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ነበር። በኋላ የከፊሎቹ ክስ ተቋረጠ፤ የቀሩት በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነጻ ተባሉ። ከዓመት በላይ የጠፋባቸውን ዕድሜ ግን የሚመልስላቸው የለም።

ጆሮው ውቅያኖስም ይሻገራል። በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ ከእ.ኤ.አ. 2012 እስከ 2013 ድረስ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ሶፍትዌር በኮምፒውተሩ ተቀምጦ የስካይፕ ንግግሩን እንደቀዳበት በመግለጽ፣ ኪዳኔ በሚል ምስጢራዊ ስም የኢትዮጵያን መንግሥት ከሰሰ። የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ባዕድ መንግሥትን በዚህ ጉዳይ ለመዳኘት ሥልጣን የለኝም ሲል ክሱን ዘጋው። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ደግሞ በኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ሃኪንግ ቲም የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሚሸጠው የስለላ መሣሪያ መሰንዘሩን ሲትዝን ላብ አጋልጧል። ታዲያ ዋይንላንድ ፓርክ ከሲልቨር ስፕሪንግ በምን ይሻላል? በዚህ ያለን ሰዎች አትላንቲክን ስለተሻገርን ብቻ ከጆሮው ርቀናል ብለን አንሞኝ።

የሕዋሱ ታሪክ

ከአንዱ በር ታሪክ ጎን ለጎን ሌላ ታሪክ አለን። በፋሺስት ወረራ ዘመን እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ የውስጥ አርበኞች በጠላት እጅ ካለች ከተማ ለዱር አርበኞች መረጃና ስንቅ ያቀብሉ የነበረው በሰው ለሰው እምነት ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻም ኢሕአፓ በኅቡዕ የተደራጀው በሕዋስ ነበር፤ «ዴሞክራሲያ» የተሰኘው ልሳኑም ከእጅ ወደ እጅ ተሻግሯል። በድርጅቱ ፖለቲካ ላይ ያለን አቋም የቱንም ያህል ቢለያይ፣ የአደረጃጀቱ ብልሃት ግልጽ ነው፦ የተያዘ ሰው ሊያወጣ የሚችለው የሚያውቃቸውን ጥቂቶች ብቻ ነው። ይሁንና ሕዋሱም ፍጹም ጋሻ አልነበረም። ሰርጎ ገብና የምርመራ ግርፋት ብዙውን ሕዋስ በጣጥሰዋል። አደረጃጀት ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ የሰውን ጥንቃቄ አይተካም።

ዛሬ «ያልተማከለ» የሚባለው የመልእክት ዘዴ ይህንኑ ጥንታዊ ብልሃት በኮምፒውተር ቋንቋ የደገመ ነው። ስለዚህ የተለመዱትን አፖች በዚሁ ሚዛን እንያቸው።

ቴሌግራም በአገራችን እጅግ የተስፋፋ ቢሆንም የተለመደው ንግግሩም ሆነ የቡድን ንግግሩ ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አይደለም፤ ቁልፉ በኩባንያው እጅ ነው። ዋትስአፕ ይዘቱን ይመሰጥራል፤ ማን ከማን ጋር፣ መቼ እንደተነጋገረ የሚያሳየው መረጃ ግን በባለቤቱ በሜታ ዘንድ ሊሰበሰብ ይችላል። ሲግናል ማዕከላዊ ሰርቨር ቢኖረውም እዚያ የሚያስቀምጠው እጅግ ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ አቃቤያነ ሕግ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሲጠይቁት ሊሰጥ የቻለው መዝገቡ የተከፈተበትንና ባለቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ የገባበትን ቀን ብቻ ነበር። ለመመዝገብ ግን ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ያ ቁጥር አገር ቤት በመታወቂያ የወጣ ሲም ነው።

ያልተማከሉት በሦስት መንገድ ይሄዳሉ። ማትሪክስ ማንኛውም ማኅበር የራሱን ሰርቨር አቁሞ ከሌሎች ሰርቨሮች ጋር እንዲገናኝ ያስችላል፤ ነገር ግን ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው ማን ከማን ጋር እንደሚነጋገር ማየት ይችላል፤ ስለዚህ ታማኝና ባለሙያ ይጠይቃል። ሴሽን ያለ ስልክ ቁጥር ይመዘግባል፤ መልእክቱንም በብዙ ሰርቨሮች ያዟዙራል። ብራየር ከነጭራሹ ሰርቨር የለውም፤ ኢንተርኔት ሲኖር በቶር፣ ሲጠፋ ደግሞ በቅርብ ርቀት በብሉቱዝና በዋይፋይ ከስልክ ወደ ስልክ ይልካል። ቶር ራሱ ግን እ.ኤ.አ. በግንቦት 2012 በአገራችን ተዘግቶ እንደነበር አይዘነጋ። ከእነዚህም ውስጥ አንዳቸውም የኪዳኔን ኮምፒውተር ባላዳኑት ነበር። ሰላዩ በገዛ መሣሪያህ ውስጥ ከተቀመጠ ምስጠራ አይመክተውም።

ዕዳው የማን ነው?

ወገኖቼ፣ ዋናው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። አፑን የምንመርጠው ብዙውን ጊዜ እኛ በስደት ያለነው ነን፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን አገር ቤት ያለው ነው። ከዋይንላንድ ፓርክ የተላከ አንድ ስሜታዊ መልእክት ላኪውን ምንም አያስከፍለው ይሆናል፤ ደብረ ማርቆስ ወይም ነቀምቴ የሚቀበለውን ወንድም ግን ፍተሻ ጣቢያ ላይ ስልኩን ሲነጠቅ ያስይዘዋል። የዞን 9 ክስ እንዳሳየን ራሱን ለመጠበቅ መማሩ እንኳ ወንጀል ተደርጎ ሊቆጠርበት ይችላል። ያልተለመደ አፕ በስልኩ ላይ መገኘቱ ለአንዱ ጋሻ፣ ለሌላው ማስረጃ ነው። ስለዚህ የመምረጥ ቅድሚያ የሚገባው አደጋው ለሚደርስበት ሰው ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ለአደባባይ ቅስቀሳ ሰው ሁሉ ያለበትን እንጠቀም፤ የአደባባይ ነገር ምስጢር አይደለምና። ስም፣ ቦታና የገንዘብ መንገድ ያለበትን ንግግር ግን ወደ ሲግናል ወይም ወደ ሴሽን እናውጣው፤ መልእክቱም በጊዜ ገደብ እንዲጠፋ እናድርግ። በሩ እንደሚዘጋ ከታሪክ አውቀናልና ሳይዘጋ በፊት እንደ ብራየር ያለውን በፈቃዳቸው ለሚይዙት አስቀድመን እናለማምድ። አምስት መቶ ሰው ያለበትን ቡድን ምስጢር ጠባቂ ነው ብለን አንመን፤ ሥራውን ለትንንሽ ሕዋሳት እናከፋፍል። የማይታወቅ ፋይል አንክፈት።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ስለ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የታሰርነው በአንድ ወፍራም ሽቦ ነበር።

ቸር ይግጠመን።